እስከ ሦስተኛው እርከን

አንድ ሰው ነበረ። ደብዳቤ እያደረሰ የሚኖር እግረኛ መልእክተኛ ነበር።

ቆይ የሻረግ፣ ጫማሽን አታጥልቂ፤ ቁጭ በይ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ጉልበቴ ምን በድዬው ነው? መርፌ ተወግቼ የሚያዝያውን ማጣሪያ ብሮጥስ?» ነው ያልሽኝ። ጥያቄው ሁለት ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው፤ እሱንም ያ ሰው ከእኔ አሳምሮ ይመልስልሻል። የሯጭ እግር ሳሽ አርባ ዓመቴ ነው፤ ስንቱን ቁርጭምጭሚት ይዣለሁ፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ሯጭ ያገኘሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እግርሽን ዘርግተሽ ስሚ። ካቋረጥሽኝ ከመጀመሪያው ነው የምጀምርልሽ።

ይህ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ባለች ከተማ ይኖር ነበር። ከገደሉ በታች ቆላ ነው፤ በቆላው ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ከተማ አለ። የደጋው ገዥ ለቆላው ሹም ቃል ሲኖረው በወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ላይ ይሰካል፤ በትሩን ያ ሰው ይይዛል። ማለዳ ተነሥቶ ገደሉን ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ ያድራል፤ በማግስቱ መልሱን ይዞ ሽቅብ ይመጣል። በቅሎ በዚያ ገደል አትወርድም። የበቅሎው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ሆኖ ስድስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሰውየው ከበቅሎ ይሻል ነበር፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ ትንሽም ይኮራበት ነበር።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ልጅቱን ብቻውን አሳደጋት። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሽማግሌ የላከው ብዙ ነበር። አባትየው ሀብታሙን አልመረጠም፤ መልከ መልካሙንም አልመረጠም። ቤቱ መንገድ ዳር የሆነውን መረጠ። ከወንዙ ማዶ፣ እሱ በሚሮጥበት መንገድ ላይ፣ አንድ ድኻ ገበሬ ነበር፤ ለእሱ ዳራት። የአገሩ ሰው «ልጁን ለቤት ሳይሆን ለመንገድ ዳረ» ብሎ ሳቀበት። ሳቁን ቻለው፤ ልጁን በየሳምንቱ ያያት ነበርና።

ከሩቅ ስታየው ቅል ሙሉ በሶ በጥብጣ ደጅ ትቆማለች። በትር የያዘ መልእክተኛ እስኪያደርስ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። «አባዬ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በል» ትለዋለች። «ወረቀቱ ቁጭ አይልም» ይላታል። ቆሞ ይጠጣል፤ በቅሉ ጠርዝ ላይ ፊቷን ያያል፤ ግንባሯን ስሞ ይሄዳል። በሳምንት የሚያያት ይህችን ያህል ነው። አንድ ቅል በሶ እስኪያልቅ ግን ብዙ ነገር ይታያል። ከስታ እንደሆን፣ ተከፍታ እንደሆን፣ ደስ ብሏት እንደሆን ሳትነግረው ያውቃል።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስቀል ድረስ መንገዱ ዝግ ነው። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ በተደረገችው የመጨረሻ ጉዞ፣ ልጁ ቅሉን ስታቀብለው ሆዷ ገፋ ብሎ አየ።  የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህች ግን የምትሄድበት የእናት ቤት የላትም። ይህን እያሰበ በሶውን ጨረሰና «ለክርስትናው ቀን ደጅሽ ላይ እኔን ታያለሽ» አላት። ቃል ገባ ማለት ነው።

ሦስት ወር ዘነበ። ሰውየው በሩ ላይ ተቀምጦ ጉሙን ያያል። ዝናቡ ሲያባራ አፋፉ ጋ ሄዶ ጆሮውን ወደ ታች ይጥላል፤ የወንዙ ድምፅ ከቀነሰ ውሃው ቀንሷል ማለት ነው። ልጁ ናፈቀችው። መንገዱም ናፈቀው፤ ይህንን ለአንቺ አላስረዳሽም፤ ለሌላ ሰው ደግሞ ማስረዳት አይቻልም። አፋፉ ላይ ሲደርስ ከታች የሚቀበለው ሞቅ ያለ ነፋስ ናፈቀው። የራሱ እግር ድምፅ ናፈቀው። ትንፋሹና እርምጃው የሚገጥሙባት፣ ሰው ራሱን የሚረሳባት ያቺ ጊዜ ናፈቀችው። ጎረቤቶቹ እህላቸውን ሲያርሙ እሱ ቁጭ ብሎ ይናፍቅ ነበር። ሌላ አንዳች አልሠራም።

መስቀል ዋለ፤ ወንዙ ጎደለ። ሰውየው በማግስቱ በትሩን ተቀበለና ሦስት ወር ሙሉ ባልሮጠ እግሩ ገደሉን በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ልጁን አገኛት። ሆዷ ገፍቷል፤ ፊቷ ፈክቷል። ስሟት ሄደ፤ በማግስቱ ተመለሰ። በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። አልበቃውም። የሌሎቹን መልእክተኞች ተራ እየለመነ በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ወጣ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኼኛው ማፍሰሱን ገና አላወቀም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቁልቁለቱ ላይ ከቀኝ ጉልበቱ ሎሚ ሥር አንድ ነገር ቆነጠጠው። ዳገቱን ሲወጣ ይተወዋል፤ ሲወርድ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ ሲነሣ እንደ ዛገ ማጠፊያ አስቸገረው። ለማንም አልተናገረም። ያነከሰ መልእክተኛ በትሩን ይነጠቃላ። ስለዚህ በከተማው መሃል ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ አፋፉን ተሻግሮ የሰው ዓይን ሲርቀው ያነክሳል። በልጁም ደጅ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጥቅምት ሲያልቅ ገደሉ መሃል ጉልበቱ ከዳው። ማገዶ ለቃሚዎች ወድቆ አገኙትና አራት ሆነው በቃሬዛ አወጡት። የገዥው አዛዥ በትሩን ለሌላ ሰው ሰጠ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም። «እስከ ፋሲካ ድነህ ከመጣህ በትሩ ያንተ ነው። ካለዚያ ግን ለተተካው ይጸናለታል» አለው።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጉልበቱን ለሚያውቅም ለማያውቅም ሰጠ። አንዱ ዋግምት ተከለበት፤ አንዱ በጋለ ብረት ተኮሰው፤ አንዱ ቅቤ ቀብቶ ደም እስኪያግድ ድረስ አሰረው። ጠባሳ አተረፈ። በመጨረሻ «ተኛ» አሉት፤ ተኛ። ሃያ ቀን እግሩን ሳያጥፍ ተኛና ሕመሙ ለቀቀው። «ዳንኩ» ብሎ ብድግ አለና በቀጥታ ወደ አፋፉ ሮጠ። ጥቂት እንደወረደ ያው ሕመም ያንኑ ቦታ ያዘው፤ እንዲያውም ጭኑ በመኝታ መንምኖ ስለነበር ጨመረበት። መኝታ እሳቱን ያጠፋል እንጂ የተቃጠለውን ቤት አይሠራም። ይህን ግን ያኔ የነገረው ሰው አልነበረም።

የተተካው መልእክተኛ በየሳምንቱ ማለዳ በበሩ ያልፋል። ሰውየው አልጋው ላይ ሆኖ የእግሩን ኮቴ ይሰማል። «ይኼ ሰው ግራ እግሩን ይጥላል» እያለ በሆዱ ይነቅፈዋል። ኮቴው ወደ አፋፉ ሲርቅ ግን ነቀፌታው ያልቅና ዓይኑ ውሃ ይሞላል። ታኅሣሥ ገባ እንዳለ ያ መልእክተኛ ከቆላ ሲመለስ ደጁ ላይ ቆመ። «ልጅህ ትናንት ተገላገለች። ወንድ ነው። ለክርስትናው ትመጣለህ ወይ ብላለች» አለው።

«ምን አልካት?» አለ ሰውየው።

«እኔ ምን ልበላት?» አለና ሄደ። እሱም በትር ይዟል፤ ቁጭ አይልም።

የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው። ሰውየው ዱላ ተደግፎ ከከተማው ዳር ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄደ። እንደ እኔ ወሬኛ አልነበረም ይባላል። «አባቴ፣ አርባ ቀን አለኝ። በአርባ ቀን ገደሉን እንድወርድ ያድርጉኝ» አለው።

ወጌሻው ጉልበቱን አልነካውም። ወደ ጓሮ በር ወሰደው፤ የበሩ መድረክ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ይላል። «በታመመው እግርህ ብቻ መድረኩ ላይ ቁም። ሌላውን እግርህን ቀስ አድርገህ ወደ መሬት አውርድ። እኔን አትይ፤ ጉልበትህን እይ» አለው። ሰውየው አወረደ። ዳሌው ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ አመመውም። በሕይወቱ ሙሉ ሲሮጥበት ጉልበቱን እንዲህ አይቶት አያውቅም።

«ከገደሉ ያወጡህ በቃሬዛ ነው አሉ» አለ ወጌሻው። «ከአራቱ ተሸካሚ ሁለቱ ቢለግሙ የሚጮኸው የትኛው ነው?»

«ሸክሙ የወደቀበት ነዋ።»

«ጉልበትህ እሱ ነው። ዳሌህና ጭንህ ለገሙ፤ ጉልበትህ ጮኸ። አንተ ደግሞ የጮኸውን ይዘህ አስተኮስከው።» ቀጥሎ ጠየቀው። «ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ወንዙ እስኪጎድል ስጠብቅ።»

«ሲጎድልስ?»

«በሳምንት ሦስት ጊዜ ወረድኩ።»

«ሁዳዴን ጾመህ ስትፈታ በምን ትገድፋለህ?»

«በተልባ።»

«ሥጋው እዚያው ተሰቅሎልህ ለምን በተልባ?»

«አንጀት ይለሰልሳል። ሃምሳ አምስት ቀን የጦመ ሆድ ላይ ሥጋ ቀድሞ ከገባ ይቆርጣል።»

«እንግዲህ ለሆድህ ያወቅኸውን ለእግርህ ለምን ነፈግኸው?» አለው ወጌሻው።

 «ልጄ ናፍቃኝ ነው» አለ ሰውየው። ወጌሻውም «መናፈቅህን መቼ ነቀፍኩ? የራበው ሰው መብላት አለበት። አበላሉን ነው የምነግርህ» አለው። በአርባ ቀን ግን እንደማያደርሰው አልደበቀውም።

መድኃኒቱ ይህን ያህል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። መጀመሪያ ከመድረኩ ላይ በቀን ዐሥር ጊዜ ቀስ ብሎ መውረድ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ በዓይን እየጠበቁ። ቀጥሎ በጎን ተኝቶ ከላይ ያለውን እግር ማንሣት፤ መቀመጫ አጠገብ ያለው ሥጋ እስኪቃጠል ድረስ። ትልቅ ሰው በአደባባይ ተጋድሞ እግሩን ሲያነሣ ጎረቤት ምን እንዳለ አትጠይቂኝ። ትንሽ ሲበረታ ሜዳው ላይ መቶ እርምጃ መራመድ፣ ሃያ እርምጃ ሮጥ ማለት፣ ደግሞ መቶ መራመድ። ከዚያ በኋላ ነው ገደሉ የመጣው። ገደሉ ሰባት እርከን አለው። ወጌሻው አንዱን እርከን ፈቀደለት፤ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ተረከዙን ሳይወረውር፣ ወርዶ ይመለሳል።

አንድ ሕግም ሰጠው። «ስትወርድ ጥቂት ቢያጉረመርም አትደንግጥ። ፍርዱን የሚሰጠው የነገው ጠዋት ነው። አድሮ እንደነበረ ከሆነ የወሰድከው የሚገባህን ነው፤ ያዝልቅልህ። አድሮ ከባሰ ግን የነገን ሰርቀሃል፤ አንድ እርከን ተመለስ።» ሰውየው ሁለት ጊዜ ሰርቆ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው መስረቅ ተወ።

ከሦስተኛው እርከን ላይ የልጁ ቤት ጣራ ይታያል። ይህን ወጌሻው ያውቅ ነበር፤ እዚያ የደረሰው ደግሞ በክርስትናው ሳምንት ነው። በዋዜማው ሰውየው መጣና «አባቴ፣ የነገን ብቻ። አንድ ቀን ብቻ» ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ። ወጌሻው አነሣው። «ጉልበትህ የክርስትናውን ቀን አያውቅም። የሚያውቀው ትናንት የለመደውን ነው። እስከ ሦስተኛው እርከን ለምዷል። እኔ ተከትዬ አልይዝህም» አለው።

በማግስቱ ሰውየው ወረደ። አንደኛውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ከወንዙ ማዶ ደጇ ላይ ዳስ ተጥሏል። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር፤ ነጠላው ሁሉ እንደ ትንንሽ ነጭ አበባ ይታያል። ነፋሱ ወደ እሱ ሲዞር እልልታው ደረሰው። ቃል የገባበት ደጅ ያውና። ጉልበቱን አዳመጠ። ምንም አላለም፤ ያን ቀን ጨርሶ አላመመውም። ሕመም ዝም ያለ ቀን ነው ሰው የሚፈተነው፤ ሲጮኽማ ማን አይታዘዘውም።

ወደ አራተኛው እርከን ጥቂት እርምጃ ወረደ። ደህና ነበር። ጥቂት ደግሞ ወረደ። ደህና ነበር። ከዚያ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘ፤ ቁመቷ እንደ ወጌሻው መድረክ ነው። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ በቀኝ እግሩ ቆመባትና ግራውን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደ። ዓይኑን ከዳሱ ነቅሎ ጉልበቱን አየ። እስከ እኩሌታው ቀጥ ብሎ ሄደ። ከእኩሌታው በታች ተንቀጠቀጠና ወደ ውስጥ ዘመመ። ደገመው፤ ያው ነው። አራት እርከንና ወንዝ ከፊቱ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ያ ሁሉ ሽቅብ። ዛሬ ይደርሳል። ነገ ግን በቃሬዛ ነው የሚመለሰው፤ ከዚያ በኋላ በትሩም የለም፤ መንገዱም የለም፤ የልጁ ደጅም የለም።

ከዳሱ አንዲት ነጠላ ለየት ብላ ወጣች። ወደ እርሻው መሃል መጥታ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራለች፤ እቅፏ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሰውየው ጋቢውን አወለቀና ወደ ላይ ዘርግቶ አወዛወዘው፤ ክንዱ እስኪዝል ድረስ። ታየው አትየው አያውቅም። ከዚያ ጋቢውን ለበሰ፣ ጀርባውን ሰጣት፣ ሽቅብ ተመለሰ። አለቀሰ እንጂ፤ ለምን ልዋሽሽ። እስከ አፋፉ ድረስ እያለቀሰ ወጣ። ወጌሻው አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው አገኘው። ዓይኑን አየ፣ እርምጃውን አየና «ነገ ዐሥራ አምስት ጊዜ ከመድረኩ ትወርዳለህ» አለው። 

አራተኛው እርከን ዐሥር ቀን ፈጀ። አምስተኛው ከዚያ አነሰ። ሁዳዴ ሲጋመስ ወንዙ ጋ ደርሶ እግሩን ውሃ አስነክቶ ተመለሰ። ከሆሳዕና በኋላ አዛዡ ፊት ቆሞ በአንድ እግሩ ከደረጃው ወረደለት፤ አዛዡ ምን እንደሚያሳየው አልገባውም፤ ሰውየው ግን መዳኑን ማሳየቱ ነበር፤ በትሩም ተመለሰለት። በፋሲካ ማግስት በትሩን ይዞ ሮጠ፤ እርምጃው አጭር፣ ትንፋሹ ረጋ ያለ። ልጁ ደጅ ላይ ነበረች። ቅሉን በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ አራት ወር ያለፈው ወንድ ልጅ አቅፋለች።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለችው።

«ወረቀቱ ቁጭ አይልም» አላት። 

ቅሉን ግን ትቶ ሕፃኑን ተቀበለ። ሕፃኑ በትሩን ጨበጠና አልለቅም አለ። እናቱ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ። «ያን ቀን አንድ ነጭ ነገር ገደሉ ላይ አየሁ። ደግሞ ሲመለስ አየሁ። ባሌ ደመና ነው አለ። እኔ ‹አባዬ ነው፤ ተመልሷል፤ ይመጣል› አልኩት» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ዐሥራ አራት ዓመት በዚያ መንገድ ሮጠ። በየክረምቱ ቁጭ ብሎ መናፈቁን አልተወም፤ ግን እየናፈቀ በጎኑ ተኝቶ እግሩን ያነሣ ነበር። በየመስከረሙ ወንዙ ሲጎድል፣ ልቡ ማዶ ደርሶ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚወርደው እስከ መጀመሪያው እርከን ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው፣ የሻረግ። አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

እናትሽን ለማስታመም ሁለት ወር አገር ቤት ቆየሽ። ክረምትሽ ያ ነው። ስትመለሺ የክለቡ ልምምድ አልበቃሽ አለና ከሰዓት ብቻሽን ወደ አስፋልቱ ቁልቁለት ወጣሽ፤ ማንም አልላከሽም፤ ናፍቆት ነው የላከሽ። ሲያምሽ ለአሰልጣኝሽ አልነገርሽም፤ ጫካው ውስጥ በሰልፍ ስትሮጡ መጨረሻ ላይ እየሆንሽ አነከስሽ፤ ማነከስሽን ከፊትሽ ያለችው እንዳታይ። ይህን ማን እንደ ነገረኝ አትጠይቂኝ፤ የጫማሽ ሶል ነገረኝ፤ የቀኙ በውስጥ በኩል ተበልቷል። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ አጥንትሽ ደህና ነው ብሎሻል፤ ጭንሽንና ዳሌሽን አጠንክሪ፣ ሩጫውን ቀንሰሽ ጀምሪ ብሎሻል። የነገረሽ ልክ ነው። አንቺ ግን ወደ እኔ የመጣሽው ሌላ መልስ ፍለጋ ነው።

ጉልበትሽን ምን በደልሽው? የናፈቅሽውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጫንሽበት። መርፌውስ? መርፌው የጮኸውን አፍ ይይዛል እንጂ የለገሙትን ሁለቱን ቀና አያደርግም። ተወግተሽ ብትሮጪ ሚያዝያ ላይ ትደርሺ ይሆናል። ግንቦት ላይ የት እንደምትሆኚ ግን ያ ሰው ድንጋይዋ ላይ ቆሞ አይቶታል። ያ ሰው ክርስትናው አመለጠው። ልጁ ግን አላመለጠውም፤ እያየው አደገ። አንቺም የሚያዝያው ማጣሪያ ያመልጥሻል። ልሸነግልሽ አልችልም። የዘንድሮው ሦስተኛ እርከንሽ ይሄ ነው፤ ከዚህ ተመልሰሽ ነው የምትደርሺው።

እንዲህ አትዪኝ፤ አልቅሺ፤ ማልቀስ ጉልበት አይጎዳም። ስትጨርሺ ተነሺ። መድረኬ ያውልሽ። በቀኝ እግርሽ ቁሚ፤ ግራውን ቀስ እያደረግሽ ወደ መሬት አውርጂ። ዐሥር ጊዜ ብቻ። ዐሥራ አንደኛዋ የነገ ናት፤ እንዳትሰርቂያት። ነገ ጠዋት እንዴት እንዳደረ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።

ይሰማሻል? ጓደኞችሽ ከጫካው እየተመለሱ ነው። ኮቴያቸውን ለይተሽ እንደምታውቂው አውቃለሁ። ይለፉ። ወደ በሩ አትዪ፣ ልጄ፤ ጉልበትሽን እዪ።

አንድ።